ቀለሙ ሲደርቅ የሚተነው የት ይሄዳል?

አንድ ጋሎን ሲንቴቲክ ቀለም ገዝታችሁ ግድግዳ ብትቀቡ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረው የከፈላችሁበት ሁሉ አይደለም። ከጣሳው ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንዲቀጥን የተጨመረበት ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይህ ፈሳሽ ይተንና ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ቀቢው ይተነፍሰዋል፣ ቀጥሎ ቤተሰቡ። «ቀለም ቀለም ይሸታል» የምንለው እሱን ነው። ቤት ሲታደስ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቀለሙ መልክና ስለ ዋጋው ነው፤ ተገቢም ነው። ምን ያህሉ አየር ውስጥ እንደሚገባ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በተለይ ለመቀሌ ሰው ይህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፤ ምክንያቱም ከመልሱ አንዱ ክፍል ከተማዋ የቆመችበት ድንጋይ ነው።

ቀለም የሚባለው ነገር ምንም ዓይነት ስም ይሰጠው አራት ነገር ይዟል። አንደኛው መልኩን የሚሰጠው ዱቄት ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱና ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን አቅጥኖ ለብሩሽና ለሮለር የሚያመች የሚያደርገው ፈሳሽ ነው። አራተኛው ጥቂት ነው፤ እንዳይሻግት፣ አረፋ እንዳይሠራ፣ ቶሎ እንዲደርቅ የሚጨመር ኬሚካል። በቀለምና በቀለም መካከል ለጤና የሚለየው በዋናነት ሦስተኛው ነው፤ አንዳንዴም፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ የመጀመሪያው።

በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም የምንለው ማቅጠኛው ውሃ ነው። ሙጫው በውሃው ውስጥ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ተበትኖ ይገኛል። ውሃው ሲተን እንክብሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈላለቃሉ፣ በመጨረሻም አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ለውጭ ግድግዳ የምንጠቀምበት ኳርትዝ ቀለምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ደቃቅ አሸዋ ተጨምሮበታል። ዘይት ቀለም ወይም ሲንቴቲክ የሚባለው ግን ውሃ አያውቅም። ሙጫው ከአትክልት ዘይት የተሠራ ሲሆን የሚቀጥነው ከነዳጅ በተገኘ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ ይህ ፈሳሽ ይተናል። ቀጥሎ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ ሲንቴቲክ ቀለም በእጅ ሲነካ ደረቅ ከሆነም በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መሽተቱን ይቀጥላል።

ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ እንሥራው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 80 ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል ብንል 8 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጋሎን ገደማ ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር የተለመደ ሲንቴቲክ ቀለም ውስጥ 400 ግራም ያህል የሚተን ኬሚካል አለ። በስምንት ሊትር 3.2 ኪሎ ይሆናል። ቀቢው «ወፍሯል» ብሎ አንድ ሊትር ቲነር ከጨመረበት አራት ኪሎ ደረሰ። አራት ኪሎ ኬሚካል በአንድ መኝታ ቤት አየር ውስጥ! አሁን በዚያው ክፍል ጥሩ ፕላስቲክ ቀለም እንቀባ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማያብረቀርቅ የውስጥ ግድግዳ ቀለም የፈቀደው በሊትር ቢበዛ 30 ግራም ነው። ይህን የሚያሟላ ቀለም ከሆነ ከስምንቱ ሊትር የሚወጣው 240 ግራም ብቻ ነው። ቀለሙ ከዚህ ገደብ እጥፍ ቢበልጥ እንኳ ከሲንቴቲኩ ጋር አይወዳደርም። እኔ ስለ ቀለም ምርጫ ከሚነገረው ሁሉ ለቤተሰብ ጤና ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ አንድ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሲንቴቲክን ከግድግዳ ላይ ማውረድ።

ይህን የምለው ልማዱን ስለማውቅ ነው። በብዙ ቤቶች፣ በትምህርት ቤትና በክሊኒክ ኮሪደሮችም፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም ይቀባል፤ ምክንያቱ «ይታጠባል» የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ የልጅ እጅ ያቆሸሸው ሲንቴቲክ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ነገር ግን ዛሬ የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለምም አለ፤ ከፊል አብረቅራቂ የሚባለውን መጠየቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ቶሎ ሲንቴቲክ ከተቀባ ገንዘቡ ይባክናል። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ ከቀለሙ ዘይት ጋር ተገናኝቶ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቀለሙ ይላላል፣ ይነፋል፣ ይላጣል። ለዚህ ነው ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ አይቀባም የሚባለው።

የሚተኑት ኬሚካሎች ጉዳታቸው ምንድን ነው? ወዲያው የሚታየው ራስ ምታት፣ የዓይን ማቃጠል፣ የጉሮሮ መከርከር፣ ማዞር ነው። አስም ያለበት ሰው ላይ ሕመሙን ያስነሳበታል። ውጭ ሲወጡ ደግሞ ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ጋር ተባብረው መሬት አጠገብ ያለውን ኦዞን ያበዛሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የቀለም ቀቢነትን ሥራ ራሱን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የቤቱ ባለቤት አንድ ሳምንት ይሸተዋል፤ ቀቢው ግን ዕድሜ ልኩን። ቀቢያችሁን ስትቀጥሩ መስኮት ክፈቱ፣ ጭንብል አቅርቡ፤ በዝግ ክፍል ከሲንቴቲክ ጋር እንዳታስቀምጡት አደራ።

ሽታ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም። ሽታው እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ኬሚካል አለ፤ ሳይሸት ይተናል። ነጩ ቀለም አነስተኛ ትነት ያለው ሆኖ፣ ሱቁ ውስጥ በማሽን ተቀላቅሎ ጠቆር ያለ መልክ ሲሰጠው በመልክ ሰጪው ፈሳሽ በኩል ትነቱ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ምክንያት ለመኝታ ቤትና ለልጆች ክፍል ነጭና ቀለል ያሉ መልኮችን መምረጥ ለብርሃን ብቻ ሳይሆን ለሳንባም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዱቄቱ እንመለስ። ለብዙ ዘመን ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ዘይት ቀለሞች መልካቸውን የሚያገኙት ሊድ ከሚባለው የእርሳስ ማዕድን ነበር። ሊድ ቀለሙን ቶሎ ለማድረቅም ይጨመር ነበር። ሊድ ለልጅ አንጎል መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የታወቀ መጠን የለውም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2013 እ.ኤ.አ. በዘጠኝ አገሮች የዘይት ቀለም ባስመረመረበት ጥናት ኢትዮጵያም ነበረችበት፤ ከአገራችን ገበያ ከተወሰዱት ቀለሞች አብዛኞቹ ሊድ በርክቶ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ ያለውን የሊድ መጠን የሚቆጣጠር ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። ገደቡ በሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ከ90 ሚሊግራም በላይ ሊድ አይፈቀድም ማለት ነው። ይህ በዓለም ላይ ካሉት ጥብቅ ገደቦች አንዱ ነው፤ አሜሪካም የምትጠቀመው እሱን ነው።

ደንቡ የሚቆጣጠረው አዲሱን ቀለም ነው። ከደንቡ በፊት በራችሁ፣ መስኮታችሁና ግድግዳችሁ ላይ የተቀባው ግን እዚያው አለ። እድሳት ላይ አደገኛው ሥራ ደግሞ መቀባቱ አይደለም፤ መፋቁ ነው። የድሮ ዘይት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ወለል ላይ ያርፋል፤ የሚድኸው ሕፃን እጁን በዚያ ላይ አሳርፎ አፉ ይከታል። ስለዚህ የድሮ ሲንቴቲክ ያለበትን በርና መስኮት በደረቁ አትፋቁ። ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ እያረጠባችሁ ፋቁ። ከሥር ላስቲክ አንጥፉ። ልጆችንና እርጉዝ ሴትን ከቤት አውጡ። በመጨረሻ በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። እሳት እያነደዱ ቀለም ማላቀቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሊዱን ወደ ጭስ ይለውጠዋል። ቀለሙ ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ ሳይፋቅ አጥቦ በላዩ ላይ መቀባት የተሻለ ምርጫ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ መቀሌ ድንጋይ እንምጣ። መቀሌና ዙሪያዋ የተቀመጡት በጁራሲክ ዘመን በባሕር ሥር በተደራረበ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ጂኦሎጂስቶች የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ በስተደቡብ ካለችው ሕንጣሎ ነው። ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ መሪነት ያሠሩት ቤተ መንግሥት፣ የከተማዋ የተጠረበ ድንጋይ ቤቶች፣ ህድሞ የሚባለው የገጠሩ ድንጋይ ቤትም የዚህች ምድር ድንጋይ ናቸው። መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም እዚህ የተተከለው ይህ ድንጋይ ስላለ ነው። ከዚሁ ድንጋይ የሚገኝ የጥንት ቅብ ደግሞ አለ፤ ኖራ።

ኖራ የሚሠራው እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 440 ግራም ጋዝ ይወጣና 560 ግራም ኖራ ይቀራል። ይህ ውሃ ያላገኘ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ይፈራርሳል። ውሃ ከጠጣ በኋላ እንደ እርጎ ይሆናል። ይህን በውሃ አቅጥናችሁ ግድግዳ ላይ ስትቀቡት ውሃው ብቻ ይተናል። ኖራው ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ግድግዳችሁ ላይ የሚቀረው ሽፋን ከግድግዳው ድንጋይ ጋር ያው ነገር ነው፤ ፕላስቲክ የለበትም፣ ከነዳጅ የመጣ የለበትም፣ የሚተን ኬሚካልም የለበትም። አልካሊነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሻጋታ አይወደውም። ቀዳዳዎቹ ስለማይደፈኑ ከመሬት ወደ ግድግዳ የሚወጣው እርጥበት ወደ ውጭ ያልፋል። የድንጋይ ግድግዳ በፕላስቲክ ቀለም ሲሸፈን በክረምት ከታች እየተነፋ የሚላጠው እርጥበቱ መውጫ ስላጣ ነው።

ታዲያ ኖራ ለምን ተጠላ? «ልብስ ላይ ይነካካል» ስለሚባል። አቤቱታው ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ግን ከኖራው ሳይሆን ከአቀባቡ ነው። ኖራ ወደ ድንጋይነት የሚመለሰው እርጥብ ሆኖ ሳለ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጀመሪያ ውሃው ውስጥ መሟሟት አለበት። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፣ በበጋው አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሷም የታወቀ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ ግድግዳ ላይ ወፍራም ኖራ ከተቀባ ውሃው በደቂቃዎች ይተናል። ኖራው ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ በትከሻ ሲነኩት ይነሳል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ኖራው ውሃ ከጠጣ በኋላ በተከደነ በርሜል ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ሲቀባ እንደ ወተት ይቅጠን። ግድግዳው መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ፤ ውሃ የሚረጭ ብሩሽ ወይም የአትክልት ማጠጫ ይበቃል። ገና ሲቀባ ነጭነቱ አይታይም፣ ግድግዳውን ያሳልፋል፤ ይህን አይቶ የሚደነግጥና የሚያወፍር ብዙ ነው። ሲደርቅ ይነጣል። በማግስቱ እንደገና አርጥቦ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ካስፈለገ አራተኛ። ጠዋት ፀሐይ ያልደረሰበትን ግድግዳ መቀባት፣ ከተቀባ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውሃ በስሱ መርጨት። እንዲህ የተቀባ ኖራ ልብስ አይነካም።

መልክ ለሚፈልግ ሰው ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈርና ለሲሚንቶ የሚሸጠው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ከኖራ ጋር ይስማማሉ። ከሌላው ዱቄት ብዙው በአልካሊው ይደበዝዛል። መጠኑ ከኖራው ክብደት አንድ አሥረኛ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጣብቀው ኖራ ያንሰዋል። በብዙ አገሮች ኖራ ላይ ጨው የመጨመር የቆየ ልማድ አለ፤ ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅ ያግዛል። የአፋር ጨው በግመል ሲራገፍባት ለኖረች ከተማ ጨው ማግኘት ቀላል ነው። ሆኖም ለድንጋይ ቤት አልመክረውም። ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ እርጥበት በመጣና በሄደ ቁጥር እየሟሟና እየረጋ ድንጋዩን ይሰባብራል፤ ብረት ካለበትም ያዝገዋል። ውሃ መርጨት ይሻላል።

ኖራ የማይሆንበት ቦታም አለ። ፕላስቲክ ወይም ዘይት ቀለም ባለበት ላይ አይያዝም፤ የሚጠጣው ቀዳዳ የለም። ለመታጠቢያ ቤትና ከምድጃ ጀርባ ላለ ግድግዳ አይመችም። አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ ቆዳ ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር፣ ልጅ ባለበት፣ ኖራ ውሃ ማጠጣት አይገባም። ሲቃጠል ጭስና ጋዝ እንደሚያወጣም መካድ አይቻልም። ከድንጋዩ የወጣው ጋዝ ግድግዳ ላይ ሲጠነክር በአብዛኛው ይመለሳል፤ ለማቃጠል የነደደው ነዳጅ ወይም እንጨት ጭስ ግን አይመለስም።

በርና መስኮት ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው የከተማችን በርና መስኮት ብረትና ላሜራ ነው፤ ብረት ደግሞ ዝገት የሚከላከል ቅብ (አንቲ ረስት) እና ጠንካራ ሽፋን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሲንቴቲክን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ብዙ ጊዜ አይቻልም። መቀነስ ግን ይቻላል። የሚነቀለው ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ይቀባ። አንቲ ረስቱ ከሊድ ነፃ የሆነ፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ይሁን። ቲነር ለማቅጠን የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ነው፤ ብሩሽ ማጠቢያውን ደግሞ አትድፉት። በጣሳ ከድናችሁ አንድ ሌሊት አቆዩት፤ ቀለሙ ሲዘቅጥ ጥሩው ከላይ ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ማጠቢያ ይሆናል።

ለእንጨት ጠረጴዛና ወንበር ቫርኒሽ ከመግዛታችሁ በፊት ተልባ አስቡ። የተልባ ዘይት እንደ ሲንቴቲኩ ሙጫ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ የሚጠነክር ዘይት ነው፤ የሚተን ማቅጠኛ ግን የለበትም። በጨርቅ በስሱ ይታሻል፣ የተረፈው ይጠረጋል፣ ለቀናት ይደርቃል፤ ከዚያ ይደገማል። ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ዘይቱን የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ኦክስጅን ሲወስድ ይሞቃል፣ በራሱም እሳት ሊይዝ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ጊዜውም ምርጫ ነው። በመቀሌ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እንክብሎቹ በደንብ ስለማይዋሐዱ ኋላ ይሰነጠቃል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ረፋድ ላይ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ማቆም ነው። በሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ማድረቁን ያዘገያል፤ መስኮት ከፍቶ ማደርም ያስቸግራል። ለውስጥ ሥራ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይመቻሉ። ክፍሉ ከተቀባ በኋላ ለፕላስቲክ ቀለም ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለሲንቴቲክ ከሳምንት በላይ መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈት። ሕፃንና እርጉዝ ሴት በዚያ ክፍል አይደሩ።

ቀለም ሱቅ ስትገቡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከሊድ ነፃ መሆኑ ጣሳው ላይ ተጽፏል ወይ?» እና «በሊትር ስንት ግራም ይተናል?» ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ መልስ አታገኙም፤ ጣሳው ላይ አልተጻፈምና። ቢሆንም ጠይቁ። ሻጩ ደጋግሞ ሲጠየቅ አምራቹን ይጠይቃል፤ አምራቾችም ቁጥሩን በአማርኛና በትግርኛ ጣሳቸው ላይ ያትሙልን።